ግልጽ ደብዳቤ፦ ለከብቱና ለቦርከና ወንዝ በንግድ ስምምነቱ ውስጥ ቦታ ስጧቸው

በንግድ ስምምነት ድርድሮች ላይ ኢትዮጵያን ወክላችሁ ለምትቀመጡ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣
ስምምነቶቹን መርምራችሁ ለምታጸድቁ የሕዝብ እንደራሴዎች፣

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከወሎ ነው። በደቡብ ወሎና በአካባቢው ከብት የምናደልብ፣ በግና ፍየል የምናረባ፣ እንስሳት የምናክም ሰዎች ነን። ደብዳቤውን እንዳዘጋጅ ኃላፊነት የተሰጠኝ እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሐሳቡ ግን የብዙዎቻችን ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን በቅርቡ በአካባቢያችን የተካሄደ አንድ መድረክ ነው። ስለ ነፃ ንግድ ስምምነቶች ማብራሪያ ይሰጣል ተብሎ ላኪዎች፣ ባለፋብሪካዎችና የንግድ ማኅበራት ተጠሩ። ከብት አርቢ አልተጠራም። የእንስሳት ሐኪም አልተጠራም። ከፋብሪካ በታች ወንዝ ዳር የሚያርስ ገበሬም አልተጠራም። የተበተነውን ጽሑፍ ከተሳታፊዎች ተቀብለን አነበብነው። ስለ ቁም እንስሳት ንግድ የሚናገር ክፍል አለው። የሚናገረው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ኮታ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። ከብቱ ከበረት ወጥቶ ባሕር ማዶ እስኪደርስ ምን ፍዳ እንደሚያይ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ስለ ውሃና ስለ ግጦሽም አንድ መስመር የለም።

ንግድን አንቃወምም። ልጅ የምናስተምረው፣ ማዳበሪያ የምንገዛው፣ የታመመ የምናሳክመው ሰንጋና በግ ሸጠን ነው። ገበያው ቢሰፋ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች መሆን የምንፈልገው እኛ ነን። የምንለው ሌላ ነው። ስምምነቱ ዋጋን ብቻ ጽፎ እንስሳውንና ወንዙን ከተወ፣ የተተወው ዕዳ የሚወድቀው በእኛ ላይ ነው። ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ማስተካከል እጅግ ይከብዳል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሕጓ አካል ይሆናል። እንግዲህ ሳይፈረም ነው መናገር ያለብን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይኸው አለመጠየቃችን ነው። አገራችን ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈርሞ በዓመቱ አገራችን አጽድቃዋለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ከብታችን ከእኛ ጋር የተመካከረ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። መንግሥት የሚገባባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የአገሪቱን ዘላቂ ልማት የሚያስጠብቁ እንዲሆኑ ያዝዛል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና ፕሮጀክት ዝግጅት ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። ይህ መብታችን ነው፤ በውለታ እንዲሰጠን አንለምንም።

ለኮምቦልቻ ሰው ሩቅ አገር የተጻፈ የንግድ ወረቀት ቤቱ ድረስ እንደሚመጣ ማስረዳት አያስፈልግም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው አጎዋ አንዱ ትልቅ ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ጦርነቱ ያደቀቀውን ከተማ ይህ ሌላ ምት ሆኖ አገኘው። የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ስለ አጎዋ ማንም ሳያማክራት ስሙን ተምራዋለች። ስለ ከብታችንም በዚህ መንገድ መማር አንፈልግም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የእንስሳቱ ጉዞ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን። በየቀኑ የምናየው እሱን ነውና።

የሰኞውን የባቲ ገበያ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ከደጋው ሰንጋና በግ ይወርዳል፤ ከአፋር ግመልና ፍየል ይመጣል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገናኝበታል። ከዚያ የተገዛው ከብት የተወሰነው ወደ መሀል አገር ይሄዳል። የተወሰነው ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይነዳል ወይም ይጫናል። አጫጫኑን እንንገራችሁ። ከብቱ ተራምዶ የሚወጣበት መወጣጫ በብዙ ቦታ የለም። አይሱዙው ወደ አፈር ጉብታ ይጠጋል። በጉብታውና በመኪናው መካከል ክፍተት ይቀራል። ሰንጋው ክፍተቱን አይቶ ይፈራል፤ እግሩን ተክሎ ይቆማል። ከፊት በቀንዱ በገመድ ይጎተታል፤ ከኋላ ጅራቱ ይጠመዘዛል፤ ዱላ ይወርድበታል። አንዳንዱ ሲዘል እግሩ በክፍተቱ ይገባና ይሰበራል። የተሰበረውን ሰንጋ እኔ ነኝ የማየው። ብዙውን ጊዜ ከማሳረድ በቀር የምሠራለት ነገር አይኖርም። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛ ያደለበውን ከብት በርካሽ ሥጋ አድርጎ ይሸጣል።

ተጭኖ የሄደውም በሰላም ደረሰ ማለት አይደለም። ከደጋ የወረደ ከብት የሚሌን ሙቀት አያውቀውም። መኪናው ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ ይቆማል። አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ ይረግጡታል። በመንገዱ ላይ ከብቱ ወርዶ ውሃ የሚጠጣበትና ጥላ የሚያገኝበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። በጉ ደግሞ አራት እግሩን ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ይህን ሁላችንም ስላየነው ተለማምደነዋል፤ መለማመዳችንም ራሱ ያሳስበናል።

ከጅቡቲ በኋላ ያለውን እኛ በዓይናችን አናየውም፤ ዓለም ያየውን ግን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከሱዳን ሱዋኪን ወደብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሊሄድ የተጫነ መርከብ እዚያው ወደቡ ላይ ሰመጠ። ከ15,000 በላይ በግ ጭኖ ነበር፤ የመርከቡ አቅም 9,000 ገደማ ነበር። በጎቹ ከሞላ ጎደል አለቁ። ያ ቀይ ባሕር የእኛም ከብት የሚሻገርበት ባሕር ነው፤ ገበያውም የእኛው ገበያ ነው። ኒውዚላንድ በ2020 ወደ 6,000 የሚጠጉ ከብቶችንና ከ40 በላይ መርከበኞችን የጫነ መርከብ ጃፓን አቅራቢያ ከሰመጠባት በኋላ፣ ከሚያዝያ 2023 መጨረሻ ጀምሮ የቁም እንስሳትን በባሕር መላክ አቆመች። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 2,400 የሚሆኑ በጎች ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲጓዙ በሙቀት ሞተውባታል። የበግን ንግድ በባሕር ከግንቦት 2028 ጀምሮ የሚያስቆም ሕግም አውጥታለች።

ይህን የምንጠቅሰው እነሱን ለማወደስ አይደለም። የአውስትራሊያ በግ ከባሕረ ሰላጤው ገበያ ሲወጣ ገዢዎች ፊታቸውን ወደ አፍሪካ ቀንድ እንደሚያዞሩ እንገምታለን። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ዕድሉ ሲመጣ ግን በምን ሁኔታ እንደምንሸጥ ከወዲሁ ካልተጻፈ፣ ሌሎች አይሆንም ብለው የተዉትን አጫጫን እኛ እንወርሰዋለን። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በየብስም ሆነ በባሕር ስለሚደረግ የእንስሳት ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ መመዘኛ አለው። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ናት። መመዘኛው በራሱ አስገዳጅ አይደለም። አስገዳጅ የሚሆነው ከገዢው አገር ጋር በምትዋዋሉበት ወረቀት ላይ ሲገባ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ በሽታ ነው። ወሎ ከብት ያለ ምርመራ ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ክፉ ቀን ብለን የምንጠራው ረሃብ መነሻው ይኸው ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች ለጦራቸው በምጽዋ በኩል ያስገቡት ከብት የደስታ በሽታ የተባለውን የከብት ወረርሽኝ ይዞ ገባ። አብዛኛው የአገሪቱ ከብት አለቀ። በሬ ጠፍቶ የሚታረስ ጠፋ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የተበሰረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

የቅርቡን ደግሞ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሳ። ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳ እንዳይገባ አገደች። እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋናው ገበያ በአንድ ውሳኔ ተዘጋ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት በሶማሌ አርብቶ አደሮች ላይ ደረሰ። ይህን ያነሳነው ለዚህ ነው። የተጎሳቆለ ከብት በሽታ አይቋቋምም። ውሃ ያልጠጣ፣ የተጨናነቀ፣ የተደበደበ ከብት አፍተግርም ሆነ የሳንባ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ ለጎረቤቱም ያስተላልፋል። በዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ ውስጥ ስለ እንስሳት በሽታ ራሱን የቻለ ስምምነት አለ። ስለ እንስሳት ስቃይ የሚናገር ራሱን የቻለ ስምምነት የለም። እኛ እንስሳት የምናክም ሰዎች ግን ሁለቱን ለያይተን ማየት አንችልም።

አሁን ወደ ቦርከና እንምጣ። ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ በከሚሴ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመንገዱ ሁሉ ከብት ይጠጣዋል፤ አትክልት ይለማበታል፤ ሰውም ይታጠብበታል። ከኮምቦልቻ በታች ያለውን ውሃ መጥታችሁ እዩት። ቀለሙ ይለዋወጣል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከብቶቹ አንዳንድ ቀን አሽትተውት ይመለሳሉ። ሌላ ውሃ ስለሌለ ደግሞ ተመልሰው ይጠጡታል። የሚጨነግፉ ላሞች፣ የሚከሱ ጥጆች ይመጡልናል። ምክንያቱ ውሃው ነው ብለን በላቦራቶሪ እንድናረጋግጥ መሣሪያው የለንም። ገበሬው ግን ላሙን ከወንዙ ካራቀ በኋላ ለውጥ አየሁ ይላል።

ይህ ከንግድ ስምምነት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እንዲህ ያገናኘዋል። የወሎ ሌጦ፣ በተለይም የባቲ ፍየል ሌጦ፣ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። ጥሬ ቆዳ እንዳይወጣ 150 በመቶ ቀረጥ ተጥሎ ነበር፤ ዓላማውም እሴት እዚሁ እንዲጨመር ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ የሚገኘው ያለቀ ቆዳ 200 ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው ቁርጥራጭ፣ ጨው፣ ቆዳ ማልፊያው ኬሚካል ክሮሚየምና ቆሻሻ ውሃ ነው። ያማረው ቆዳ ወደ ውጭ ሄዶ ጫማና ጓንት ይሆናል፤ ክሮሚየሙ እኛ ጋ ይቀራል። ገዢው ከቀረጥ ነፃ ሲያስገባ ቆዳው በማን ወንዝ ወጪ እንደለፋ የሚጠይቅ አንቀጽ የለም። አርቢውም አልተጠቀመም። ከአረፋና ከፋሲካ በኋላ ገዢ ያጣ የበግ ቆዳ በየቦዩ ተጥሎ የምታዩት ለዚህ ነው።

አገራችን ሕግ አጥታ አይደለም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። ችግሩ ላኪ ፋብሪካን መንካት የውጭ ምንዛሪን እንደ መንካት መታየቱ ነው። አቤት ስንል ደጅ ጠንተን እንመለሳለን። ማንን እንደምንወቅስ ስም አንጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት አይደለምና። የላኪነት ጥቅም ከቆሻሻ ማጣሪያ ጋር ቢታሰር ግን ሁሉም ማጣሪያውን ያበራው ነበር።

ስለ መኖም በአጭሩ እንበል። ኑግና ሰሊጥ ሳይጨመቅ ጥሬውን ሲላክ ከተጨመቀ በኋላ ለመኖ የሚተርፈው ፋጉሎም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የፋጉሎ ዋጋ ሰማይ ይነካል። አድላቢው መኖ ሲያጣ ከብቱን ወደ ተከለለው ተራራ ይለቀዋል። ለዓመታት እርከን ሠርተን ያስመለስነው ቁጥቋጦ ይበላል። ይህን የኤክስፖርት ሪፖርት አያሳየውም።

ዶሮ ደግሞ የእናቶች ጉዳይ ነው። በወሎ ገጠር እንቁላልና ዶሮ ሸጣ ጨውና ሳሙና የምትገዛው፣ የልጇን ደብተር የምትሸፍነው እናት ናት። ጋና ምን እንደደረሰባት ተመልከቱ። ገበያዋን ስትከፍት ከአውሮፓና ከአሜሪካ የቀዘቀዘ የዶሮ ሥጋ በርካሽ ገባ። አብዛኛው ሥጋ በትልልቅ አዳራሾች ተጨናንቀው ካደጉ ዶሮዎች የሚመጣ ነው፤ ደረቱን እዚያ በልተው እግሩንና ክንፉን የሚልኩበት ንግድ ነው። የጋና ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2003 ቀረጡን ከ20 ወደ 40 በመቶ ከፍ አደረገ። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በመጣ ግፊት ሳይተገበር ቀረ። ዛሬ የጋና ሰው የሚበላው አብዛኛው ዶሮ ከውጭ የመጣ ነው። ቀረጥ ዝቅ ለማድረግ አንዴ ቃል ከገባችሁ በኋላ እናቶቻችንን ለማዳን እጃችሁ ይታሰራል ብለን እንሰጋለን።

ይህን ሁሉ ስንል ከየአቅጣጫው የምንሰማው መልስ አለ። «የንግድ ሕግ አይፈቅድም» ይሉናል። እንዲህ የሚል ሰው ሕጉን በደንብ አላነበበም።

የዓለም ንግድ መሠረታዊ ስምምነት አንቀጽ 20 አገሮች የሕዝብን ሥነ ምግባር፣ የሰውንና የእንስሳትን ሕይወትና ጤና፣ ሊያልቅ የሚችል የተፈጥሮ ሀብትን ለመጠበቅ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። የአፍሪካ ነፃ ንግድ ስምምነትም ተመሳሳይ አንቀጽ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 «ሲል» የተባለውን የባሕር አጥቢ እንስሳ ውጤት ወደ ገበያው እንዳይገባ አገደ፤ እንስሳው በጭካኔ ይገደላል ብሎ ነበር። ካናዳና ኖርዌይ ከሰሱት። በ2014 የዓለም ንግድ ድርጅት የይግባኝ አካል ሕዝብ ለእንስሳት ስቃይ ያለው ተቃውሞ የሕዝብ ሥነ ምግባር ሊባል እንደሚችል ተቀበለ። ኅብረቱ የተወቀሰው እገዳውን ለሁሉም እኩል ባለማድረጉ ብቻ ነው።

አሁን ወሎን አስቡ። እዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም ቢላውን በከብቱ ፊት አይስልም። አንዱ እየታየው ሌላውን አያርድም። ጥማድ በሬውን ሳያጠጣ ራሱ አይጠጣም። ያረጀ በሬ የሚሸጥ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ አንጀቱን ይበላዋል። ይህ የሕዝብ ሥነ ምግባር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የአውሮፓ ሕዝብ ስሜት በዓለም አቀፍ ሸንጎ ክብደት ካገኘ የእኛም ማግኘት አለበት። ግን ተደራዳሪዎቻችን ካልጻፉት ማንም አይጽፍልንም።

ደግሞም ሠርተነው እናውቃለን። በአህያ። የአህያ ቆዳ ቻይና ውስጥ ለባህላዊ መድኃኒት ስለሚፈለግ በየአገሩ የአህያ ቄራ ተከፈተ። ቢሾፍቱ የተከፈተው ቄራ ሕዝቡ ስለተቆጣ በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። ኬንያ የአህያ ስርቆት ሲበዛባት በ2020 እ.ኤ.አ. እርዱን አገደች፤ እገዳው በፍርድ ቤት ተሻረ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ። ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ አህያ ያላት ኢትዮጵያ ናት። በወሎ ገደላ ገደል ውሃ፣ እህል፣ ማገዶ፣ አንዳንዴም በሽተኛ የምትሸከም አህያ ናት። አህያ የጠፋባት ሴት ጀርባዋ አህያ ይሆናል። ውሳኔው ይህን አይቷል። ንግዱ እንዲቆም የወሰነውም ገዢ አገር አይደለም፤ ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው። ስለ ሰንጋና ስለ በግም ቢያንስ ሥርዓት ማስያዝ ይቻላል ማለት ነው።

ሌላው የምንሰማው ስጋት እውነተኛ ነው፤ እናከብረዋለን። ሀብታም አገሮች የእንስሳት ደኅንነትንና አካባቢ ጥበቃን ሰበብ አድርገው በራችንን ይዘጉብናል የሚለው። ይህ ሆኖ ያውቃል። አሜሪካ የባሕር ኤሊ በማያስጥል መረብ የተያዘ ሽሪምፕ አይገባም ስትል ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ከሰሷት። እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈረደባት። የተፈረደባት ግን ኤሊ በመጠበቋ አይደለም። ለካሪቢያን አገሮች ጊዜና የቴክኒክ እገዛ ሰጥታ ለእስያዎቹ በመከልከሏ ነው። አሠራሯን ስታስተካክል በ2001 እርምጃዋ ጸና። ትምህርቱ ግልጽ ነው። መመዘኛ ሲመጣብን «አንቀበልም» ከማለት «ጊዜና እገዛ ስጡን» ማለት ያዋጣል። መወጣጫ፣ የውሃ ገንዳና የቆሻሻ ማጣሪያ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ጥያቄው በድርድሩ ላይ ከተነሳ ገንዘቡም በድርድሩ ላይ ይገኛል።

መመዘኛው ለእኛ ጥቅም ሊሆን የሚችልበትም መንገድ አለ። የአውሮፓ ኅብረትና ኒውዚላንድ በ2023 በፈረሙት ስምምነት ለ10,000 ቶን የበሬ ሥጋ የተቀነሰ ቀረጥ ተፈቅዷል። ፈቃዱ በሣር ለበላ ከብት ሥጋ ብቻ ነው፤ በረት ተዘግቶበት በእህል የደለበ አይገባም። ኅብረቱ ከቺሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረመው ስምምነት ስለ እንስሳት ደኅንነት አንቀጽ ነበረው። እንግሊዝና አውስትራሊያ በ2021 ሲፈራረሙ ደግሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፉ። የእንግሊዝ ገበሬዎች ግን ቅር ተሰኝተዋል፤ ቀረጡ የሚቀነሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ ነውና ምዕራፉ ጥርስ የለውም። የኒውዚላንዱ ይሻላል ብለን እናምናለን። የወረኢሉና የለጋምቦ በግ በሣር ነው የሚያድገው። የእኛ ከብት ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። ይህን ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ነገር አድርጎ የሚያቀርብ ተደራዳሪ እንፈልጋለን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ከእንስሳት፣ ከቆዳ፣ ከሥጋና ከመኖ ጋር የተያያዘ ማንኛውም የቀረጥ ቃል ከመግባታችሁ በፊት አርቢዎችን፣ ከብት ነጂዎችን፣ የእንስሳት ሐኪሞችንና ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎችን ባሉበት ጠይቁ። የምታቀርቡትን ሐሳብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ አውጡት። ከመጽደቁ በፊት እንደራሴዎች ስለ እንስሳትና ስለ አካባቢ የሚያስከትለውን የሚያሳይ ጥናት ይጠይቁ። ጥናት የሌለው ስምምነት እንዳይጸድቅ እንለምናለን።

በእያንዳንዱ ስምምነት ውስጥ የእንስሳት ደኅንነት በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የጉዞ መመዘኛ ከባሕረ ሰላጤው ገዢዎችና ከጅቡቲ ጋር በሚደረጉ ውሎች አስገዳጅ ይሁን። ከአቅም በላይ የጫነ መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ የሚያዝ የእኛ ሐኪም ወደቡ ላይ ይኑር። ከቁም ከብት ይልቅ የቀዘቀዘ ሥጋ እንዲገዙን አጥብቃችሁ ተደራደሩ፤ እርዱ እዚህ ቢሆን ስቃዩ ያጥራል፤ ሥራውም ቆዳውም ፈርሱም እዚህ ይቀራል።

ከባቲ እስከ ጅቡቲ ድንበሩ ጋላፊ ባለው መንገድ መጫኛ መወጣጫ፣ ጥላና ውሃ ይሠራ። ገንዘቡ ከቁም እንስሳት ኤክስፖርት ከሚገኘው ገቢ ላይ ይመደብ። ይህ ስምምነት እስኪፈረም የሚጠብቅ ሥራ አይደለም፤ ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።

የላኪነት ማበረታቻ የሚያገኝ ፋብሪካ ሁሉ የሚለቀው ውሃ በገለልተኛ አካል ይለካ። ውጤቱ በየቀበሌው ይለጠፍ። መመዘኛውን ያላሟላ ማበረታቻው ይታገድ። የቦርከና ውሃ ምርመራ ውጤት እስካሁን ያለው ሁሉ ይሰጠን።

የዶሮና የወተት ውጤት በአፍሪካው ስምምነት ከቀረጥ ቅነሳ ውጪ በሚደረጉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ በዓለም ንግድ ድርጅት ድርድርም ቀረጡን ከፍ የምናደርግበት በር አይዘጋ። የአህያ ቆዳ እገዳ በአገር ውስጥ እንዴት እንደሚከበር በግልጽ ይነገረን፤ በድንበር የሚወጣው አህያም ይቆም።

የዚህን ደብዳቤ መልስ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከመጻፋችሁ በፊት ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ሰኞ ወደ ባቲ ኑ። አጫጫኑን እናሳያችኋለን፤ ስትመለሱም በኮምቦልቻ ወርደን ወንዙን አብረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በወሎ የከብት አድላቢዎች፣ የበግና ፍየል አርቢዎች እና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ስም፣
የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ